ዳታው የት ነው ያለው? 2 ዓመት ከዲቢቨር ጋር

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ሦስቱም ኮምፒውተር ዳታቤዝ የለም እያለ ነው። ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ቶሎ ነይ።"

ጋሼ አሠሪዬ ናቸው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። እኔ የተቀጠርኩት ለሂሳብ ሥራ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ግን "ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል?" ተባልኩ። እኔም ሳላስበው "አዎ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ ዋይፋይ ሲጠፋም፣ ዳታቤዝ ሲሰወርም የምጠራው እኔ ነኝ።

የሽያጭ ፕሮግራማችንን የሠራው ልጅ ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ትቶልን የሄደው አንድ የኮንፊግ ፋይል ነው። ውስጡ አራት መስመር አለ፦ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የዳታቤዙ ስም፣ ዩዘር፣ ፓስወርድ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የስህተት መልእክት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ "ዳታቤዝ አልተገኘም"። ፓስወርድ ቢሳሳትም፣ ገመድ ቢነቀልም፣ ሰርቨሩ ቢጠፋም ያው ነው። ሆዱን ሲያመውም ጥርሱን ሲያመውም እኩል እንደሚያለቅስ ሕፃን።

ደርሼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዲቢቨር የሚባለው የዳታቤዝ መክፈቻ ፕሮግራም ላይ ያንኑ የኮንፊግ ፋይሉን አድራሻ አስገባሁ፤ 192.168.1.7፣ ፖርት 3306። "ቴስት ኮኔክሽን" የሚለውን ተጫንኩ። ትንሽ ቆየና "ኮሙኒኬሽንስ ሊንክ ፌይለር" አለኝ። ጓዳ ገብቼ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አቧራ እንዳይገባው አሮጌ ነጠላ የለበሰ ዴስክቶፕ ነው። እዚያ ላይም ዲቢቨር ጭኛለሁ። አድራሻው ቦታ ላይ "ሎካልሆስት" ብዬ ሞከርኩ። ወዲያው ገባ። ሠንጠረዦቹ ሁሉ አሉ። የቅዳሜው የመጨረሻ ሽያጭ፣ አንድ የቪትዝ ፍሬን ሸራ፣ እሱም አለ።

ስለዚህ ዳታው ደህና ነው፤ የጠፋው መንገዱ ነው። የሰርቨሩን አይፒ ሳይ 192.168.1.12 ሆኗል። ለካ እሁድ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲመጣ ራውተሩ አድራሻ እንደ አዲስ አደለ። 7 ቁጥርን ማን እንደወሰደው ስፈልግ የጋሼ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ 7 ቁጥርን ለሰርቨሩ ለዘለቄታው አሰርኩለት። ሁሉንም አጥፍቼ ሳበራ ሦስቱም ኮምፒውተር ሠሩ። ከገባሁ 20 ደቂቃ ቢሆነኝ ነው።

"ምን ነበር?" አሉኝ ጋሼ።

"የሰርቨሩን ቁጥር የእርስዎ ስልክ ወስዶበት ነው።"

ስልካቸውን አገላብጠው አዩት። እስከ ዛሬ የቀለድኩባቸው ይመስላቸዋል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ "ቴስት ኮኔክሽን" ስለሚል ቁልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንደኔ ሌላ ሰው የሠራውን ፕሮግራም የምትጠብቁ ሁሉ ከፕሮግራሙ ውጭ ገለልተኛ ምስክር ያስፈልጋችኋል። ፕሮግራሙ "የለም" ሲል፣ በእርግጥ የለም ወይስ አላየውም? ዲቢቨር ይህን ይለያል።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ዲቢቨር ዳታቤዝ ከፍቶ ማያና ማስተካከያ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊነክስም ላይ ይሠራል። ስሙ በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ ወንዝ ከሚገድበው እንስሳ የመጣ ነው፤ ዓርማውም እሱው ነው። እኔ የምጠቀመው ኮሚዩኒቲ የሚባለውን ነፃ እትም ነው። ፈቃዱ አፓቺ 2.0 ነው፤ ለንግድ ሥራ ብትጠቀሙበትም የሚጠይቃችሁ የለም። በዓመት የሚከፈልበት እትምም አለ። ሞንጎዲቢን የመሳሰሉ ዳታቤዞችን የሚከፍተው እሱ ነው። ለመለዋወጫ ሱቅ ግን ነፃው ይተርፋል፤ ደግሞስ የዶላር ካርድ ማን ይዟል?

የወደድኩት የተለያየ ዓይነት ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤሉንም፣ ፖስትግሬሱንም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨሩንም፣ ኤስኪውላይቱንም፣ የድሮ የአክሰስ ፋይሉን ሳይቀር በአንድ መስኮት መክፈቱ ነው። ማይኤስኪውኤል ስትመርጡ ፖርቱን 3306 ብሎ ይሞላላችኋል፤ ፖስትግሬስ ስትሉ 5432፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ስትሉ 1433። የቀረውን እናንተ ትሞላላችሁ።

ሆስት፣ ፖርት፣ ዳታቤዝ ሲባል ግራ ለሚገባው፣ ለካሸሯ ያስረዳኋትን ልንገራችሁ። ሆስት ግቢው ነው። አንድ ግቢ ብዙ በር ሊኖረው ይችላል፤ የትኛውን እንደምታንኳኪ የሚነግርሽ ፖርቱ ነው። ዳታቤዙ ክፍሉ ነው። ዩዘርና ፓስወርድ ቁልፉ ነው። ዲቢቨር ሳይሳካለት ሲቀር የት ላይ እንደቆመ ይናገራል። "ሊንክ ፌይለር" ካለ ግቢው አልተገኘም ወይም በሩ ተዘግቷል፤ ገመዱን፣ አይፒውን፣ ፋየርዎሉን እዩ፣ ማይኤስኪውኤሉ ራሱ መነሳቱንም። "አንኖውን ዳታቤዝ" ካለ ገብታችኋል፤ እንዲህ የሚባል ክፍል ግን የለም። ስሙን ተሳስታችኋል ማለት ነው።

"አክሰስ ዲናይድ" የሚለው ግን ተንኮል አለበት። ሰው ሁሉ ፓስወርድ ነው ብሎ ያስባል፤ እኔም ግማሽ ቀን ፓስወርድ ስቀያይር ውያለሁ። ማይኤስኪውኤል አንድን ዩዘር የሚያውቀው ከስሙ ጋር የመጣበትን ቦታም አይቶ ነው። ከሰርቨሩ ላይ እንዲገባ ብቻ የተፈቀደለት ዩዘር፣ በዚያው ስምና በዚያው ፓስወርድ ከካሸሯ ኮምፒውተር ሲመጣ "አላውቅህም" ይባላል። ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ካላችሁ ፓስወርዱን ተዉት፤ ዩዘሩ ከየት እንዲገባ እንደተፈቀደለት እዩ። መልእክቱን ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዩዘሩ ስም ቀጥሎ ከየት እንደመጣ ተጽፏል።

ማይኤስኪውኤል 8 የምትጠቀሙ ሌላም ታገኛላችሁ። ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ "ፐብሊክ ኪይ ሪትሪቫል ኢዝ ኖት አላውድ" የሚል ይመጣል። መፍትሔው እዚያው የግንኙነት መስኮት ውስጥ "ድራይቨር ፕሮፐርቲስ" የሚለው ገጽ ላይ ነው። "አላው ፐብሊክ ኪይ ሪትሪቫል" የሚለውን መስመር ፈልጋችሁ "ፎልስ" የነበረውን "ትሩ" አድርጉት። በቃ። በሱቅ ውስጥ ኔትወርክ ይህ ምንም አይደለም፤ ሰርቨራችሁ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ግን ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን) ተጠቀሙ እንጂ እንዲህ አታልፉት።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ዲቢቨር ራሱ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም የየዳታቤዙን ድራይቨር፣ ማለትም ከዚያ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ፋይል፣ መጀመሪያ ስትጠቀሙበት ከኢንተርኔት ያወርዳል። ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን ኔት በሌለበት ቦታ ብትቆሙ መሄጃ የላችሁም። መጋዘን ወይም ክፍለ ሀገር ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሆናችሁ አንድ ጊዜ አውርዱት። የድራይቨሩን ፋይል በፍላሽ ይዞ "ድራይቨር ማኔጀር" ውስጥ በእጅ መጨመርም ይቻላል። ጃቫ ለብቻ መጫን አያስፈልግም፤ ይዞት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፋይል አድራሻው። ላቤን ጠብ ያደረገው ይሄኛው ነው።

ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን ኔትወርክ የለውም። ዕቃ የሚቆጠርበት ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጠው አንድ የኤስኪውላይት ፋይል ውስጥ ነው። በየወሩ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ፋይሉን በፍላሽ ያመጡልኛል። ኤስኪውላይት ሰርቨር የለውም፤ ፖርት የለ፣ ፓስወርድ የለ። ዲቢቨር የሚጠይቃችሁ የፋይሉን ፓዝ፣ ማለትም ያለበትን ፎልደርና ስሙን፣ ብቻ ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር አለ?

እኔም ቸኩዬ ፓዙን በእጄ ጻፍኩት። "ቴስት" አልኩ፤ "ኮኔክትድ" አለኝ። ከፈትኩት። ሠንጠረዥ የሚባል ነገር የለም። አንድም። ከ4,000 በላይ ዓይነት ዕቃ የተመዘገበበት ፋይል ባዶ! ሰውዬው ጎኔ ቆመው ሻይ እየጠጡ ነው። "ደህና ነው?" አሉኝ። "ደህና ነው" አልኩ። አንጀቴ ግን ተላውሷል።

ፎልደሩን ስከፍት ሁለት ፋይል ተቀምጧል። አንዱ 11 ሜጋባይት፣ ሌላው 0 ኪሎባይት። ባዶው የተፈጠረው ከሁለት ደቂቃ በፊት ነው። የፈጠርኩት እኔ! እሳቸው ቃሊቲን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ መጨረሻው ላይ "ዋይ" ያደርጋሉ፤ እኔ "አይ" አደረግኩ። የሰፈሮቻችንን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሁሉ የየራሱ ሰዋስው አለው።

ይህ የኤስኪውላይት ጠባይ ነው። በሰጣችሁት ስም ፋይል ካላገኘ "የለም" ብሎ አይመልሳችሁም፤ ባዶ ፋይል ይፈጥርና "ገብቻለሁ" ይላል። የፎልደሩን ስም ብትሳሳቱ ይጮኻል፤ የፋይሉን ስም ብትሳሳቱ ዝም ነው። ስለዚህ "ኮኔክትድ" የሚለውን ቃል ማይኤስኪውኤል ላይ እመኑት፤ ኤስኪውላይት ላይ ግን ሠንጠረዡን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ። ፓዙን ደግሞ በእጅ አትጻፉ። ከጎኑ ፋይሉን ፈልጎ መክፈቻ ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጫኑና ምረጡት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ፓዝ በእጄ ጽፌ አላውቅም።

ፍላሹም የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ ኢ ድራይቭ የነበረው ነገ ሌላ ነገር ሰክታችሁ ከሆነ ኤፍ ይሆናል። ግንኙነቱ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ይላል። ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ፋይሉን ሲ ድራይቭ ላይ ወደ አንድ ቋሚ ፎልደር ገልብጣችሁ ከዚያ ክፈቱት። ስትገለብጡ ፕሮግራሙ ይዘጋ። ከዋናው ፋይል አጠገብ በስሙ የሚጀምር፣ "ዋል" የሚል ቅጥያ ያለው ሌላ ፋይል ካያችሁ ጥላችሁት አትሂዱ፤ የመጨረሻዎቹ ምዝገባዎች ገና እሱ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ።

"ለምን ፋይሉን ሼር ፎልደር ላይ አድርገን ሁላችን አንከፍተውም?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ኤስኪውላይት በኔትወርክ ፎልደር ላይ ሁለት ሰው ሲጽፍበት ሊበላሽ ይችላል፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አይመክሩትም። ብዙ ሰው የሚጽፍበት ከሆነ ወደ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ሂዱ።

ባክአፕ ላይ ደግሞ አዲስ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ዲቢቨር ማይኤስኪውኤልን ባክአፕ የሚያደርገው በራሱ አይደለም፤ የማይኤስኪውኤልን የራሱን የባክአፕ መሣሪያ ጠርቶ ነው። መሣሪያው የት እንዳለ ካልነገራችሁት አይሠራም። በግንኙነቱ መስኮት ውስጥ "ሎካል ክላየንት" የሚል ቦታ አለ። ዛምፕ የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራሞች ጥቅል ለጫነ ሰው ሲ ድራይቭ ላይ ዛምፕ ፎልደር ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚለውን መጠቆም ነው። አንድ ጊዜ ካሳያችሁት አይረሳም። የፋይሉን ስም በዳታቤዙ ስምና በሰዓቱ ራሱ ስለሚሰይመው የዛሬው ባክአፕ የትናንቱን አይውጠውም። መድረሻ ፎልደሩን ግን ሰርቨሩ ራሱ ላይ አታድርጉት። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የምንወደው አንድ ትንሽ ሳጥን አለ። የደንበኞቻችን ስም በአማርኛ ነው የተመዘገበው። ዲቢቨር ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጌ አውጥቼ በኤክሴል ስከፍተው ግን የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። ዳታው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ዳታው ደህና ነው፤ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ መጻፉን አላወቀም። ፋይሉን ስታወጡ "ኢንሰርት ቦም" የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አድርጉበት። ፊደላችን በሥርዓቱ ይመጣል። ዲቢቨሩ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከታያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሲመዘገብ ነው የጠፋው፤ አይመለስም።

ከቀለሞቹም ልንገራችሁ። ለእያንዳንዱ ግንኙነት ዓይነት መስጠት ትችላላችሁ፤ የመለማመጃ፣ የመሞከሪያ፣ የዋናው ሥራ። "ፕሮዳክሽን" ያላችሁት ቀይ ይሆንና ከማንኛውም ለውጥ በፊት ይጠይቃችኋል። እኔ የሱቁን ቀይ አድርጌዋለሁ። ከዚህም ሌላ "ዌር" (የትኛው ረድፍ እንደሆነ የሚለየው ቃል) የሌለው የማጥፊያ ትዕዛዝ ብትጽፉ፣ ማለትም "ሁሉንም አጥፋ" ብትሉት፣ ቀይም ባይሆን ቆም አድርጎ ያስጠነቅቃችኋል። የሰው ጉዳይ ብቻ የምታዩ ከሆነ ደግሞ "ሪድ ኦንሊ" አድርጉት። ለኦዲተር ስከፍትለት እንዲህ ነው የማደርገው።

ዲቢቨር የራሱን ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ለመገኘት ያስቸግራል። ላፕቶፕ ስቀይር ግንኙነቶቼን እንደ አዲስ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ለካ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በዩዘራችሁ ስም ሥር አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ዲቢቨርዳታ፣ ከዚያ "ወርክስፔስ6"። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ በቀላሉ አይታይም። ወርክስፔሱን እንዳለ ገልብጬ አዲሱ ላይ በቦታው አስቀመጥኩት። ግንኙነቶቼም፣ የጻፍኳቸው ኪዌሪዎችም (ለዳታቤዙ የሚሰጡ ትዕዛዞች)፣ ያስቀመጥኳቸው ፓስወርዶችም መጡ። የመጨረሻውን ልብ በሉት። ያንን ፎልደር በፍላሽ ይዞ መዞር የሱቁን ቁልፍ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መርካቶ እንደመዞር ነው።

የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። 4 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒውተር ሲከፈት ቡና ትጠጣላችሁ። ማይኤስኪውኤል ብቻ በዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሃይዲኤስኪውኤል ይቀላል፣ ይፈጥናልም። የኤስኪውላይት ፋይል ብቻ ለሚከፍት ዲቢ ብራውዘር ይበቃዋል። ዲቢቨር የሁለቱም ዓይነት ነገር ላለበት፣ እንደኔ ግማሹ ሰርቨር ላይ፣ ግማሹ ፍላሽ ላይ ላለበት ሰው ነው። አዲስ እትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይወጣል፤ "አፕዴት ላድርግ?" ባለ ቁጥር ግን የግድ አይደለም። እኔ በወር አንዴም አላደርገውም።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ሰርቨሩ ላይ፣ ከነጠላው ሥር፣ አንድ ወረቀት በፕላስተር ለጥፌያለሁ። አድራሻው፣ ፖርቱ፣ የዳታቤዙ ስም፣ የባክአፑ ፎልደር። ፓስወርድ የለበትም። ባለፈው ሳምንት ስገልጠው ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ የኔን ስልክ ቁጥር ጨምረውበታል።